ጠብታው ለምን አልሠራም?

ከኮሶዬ እስከ ጎንደር ከተማ ዓይን ሲቀላ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንፈልገው ከጎረቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ይህ ልማድ መዘዝ አለው።

ጎንደር ላይ የተሠሩ የላቦራቶሪ ጥናቶች ከታመመ ዓይን በብዛት ያገኙት ስታፊሎኮከስ የተባሉትን ባክቴሪያዎች ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቴትራሳይክሊንንና ፔኒሲሊንን ይቋቋማሉ።

መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይገድላል፤ የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ የመቋቋም ባሕርያቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያቀብላሉ። በቫይረስ ወይም በአለርጂ ለቀላ ዓይን ደግሞ አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ ትርፉ ባክቴሪያን ማለማመድ ብቻ ነው።

ስለዚህ፦
👁 የሌላ ሰው ወይም ከርሞ የተረፈ ጠብታ አይጠቀሙ።
👁 ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጨምሩ፤ ኢንፌክሽኑን ሊያባብስ ይችላል።
👁 ጀምረውት ካልተሻለዎት መድኃኒት ከመቀያየር ይልቅ ይመርመሩ። ናሙና ተወስዶ የሚሠራው ምርመራ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ያሳያል።
👁 ሕመሙ ከበረታ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ የዓይን ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ እሾህ ወይም ገለባ ዓይንዎን ከወጋዎት፣ ወይም የአራስ ልጅ ዓይን መግል ከያዘ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ግን በጥናት የሚሰጥ ነውና ሲታደል ይውሰዱ።