መቶ ዲግሪ የማይደርሰው ውሃ

ከሾላ ገበያ የተሸመተ ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቢያድርም፣ ጠዋት ሲጣድ ቶሎ አልበስል ብሎ ያስቸግራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በእህሉ ላይ ነው፤ «ያረጀ ነው፣ ድንጋይ ነው» ይባላል። ያረጀ ጥራጥሬ በእርግጥም ይዘገያል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ መገናኛ አካባቢ እየተንተከተከ ያለ ውሃ ሙቀቱ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የፈለገውን ያህል ከሰል ቢጨመርበት፣ ክዳኑ እስካልታፈነ ድረስ ከዚያ አያልፍም።

ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚይዘው 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። አየር ደግሞ ክብደት አለው። በእህል መጋዘን ውስጥ ከተደረደሩት ጆንያዎች ትልቁን ጫና የሚሸከመው የታችኛው እንደሆነ ሁሉ፣ በጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ድስትም የአየሩን ክምር በሙሉ ይሸከማል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በየካ ዝቅተኛው ክፍል ከክምሩ ሩብ ያህሉ ከታች ቀርቷል። 3,200 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የእንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ሲሶው የለም። በየ300 ሜትሩ ሽቅብ መፍያው በግምት አንድ ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ እዚያ ላይ ውሃ 89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ይህ ነገር ቻርለስ ዳርዊንንም ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራራ ሲሻገር አብረውት የነበሩት ሰዎች ድንች ጥደው ለሰዓታት ቢቀቅሉት አልበስል አላቸው። መንገደኞቹ ያሳበቡት በአዲሱ ድስት ነበር። ዳርዊን ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት መሆኑን በጉዞ ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል።

ለየካ ማእድ ቤት ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ገንዘብ ያድናል። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማንደድ ውሃውን በፍጥነት ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ስለዚህ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ድስቱን መክደን ያው ንፍሮ በአነስተኛ ከሰል እንዲበስል ያደርጋል። ፕሬሸር ኩከር ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ የጎደለውን ጫና ራሱ ይፈጥራል። በውስጡ ያለው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታም ቢሆን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሊሞቅ ስለሚችል፣ የጥራጥሬውን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘው ፔክቲን ቶሎ ይሟሟል። ሽምብራው የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀበናው ግን ከከፍታው ጋር ይስማማል። የቡና ባለሙያዎች ለማፍላት ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለውን ነው። በየካ የሚፈላ ጀበና ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ማሽን እዚያው መካከል ላይ ይገኛል።

ሽምብራውን የሚያዘገየው አየር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሰውም ያዘገየዋል። ከአየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ዳርቻም በተራራም 21 በመቶ ነው፤ ሆኖም አየሩ ራሱ ስለሳሳ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ቢያለከልክ አይፈረድበትም። ውሎ ሲያድር ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ማመንጨቱን ያበዛል፤ መቅኒውም ትእዛዙን ተቀብሎ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል።

ትውልድ ከትውልድ በደጋ የኖረ ሕዝብ ነገር ግን የተለየ ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት ተመራማሪዎችን አስገርሟል። የአንዲስ ነዋሪዎች ለከፍታው የሰጡት ምላሽ ሄሞግሎቢናቸውን ማብዛት ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በደማቸው ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ። በሰሜን ተራሮች የተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ግን ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ሰዎች መጠን የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። የሰው ልጅ አካል ለአንድ ችግር ቢያንስ ሦስት መልስ ማግኘቱ የታወቀው በዚህ ጥናት ነው።

ንጋት ላይ በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል የሚሮጡ አትሌቶችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ለዓመታት የተለማመደው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አሠልጣኞች ሁሉንም ሥልጠና እንጦጦ ላይ አያደርጉትም። ስስ አየር ውስጥ እግር የሚችለውን ፍጥነት ሳንባ አይፈቅደውም፤ ስለዚህ ለፍጥነት ልምምድ አትሌቶቹ ዝቅ ወዳሉት ወደ ሰንዳፋና ወደ አቃቂ ይወርዳሉ።

በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ የተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የስስ አየርን ሁለት ገጽታዎች በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ዘለለ፤ አየሩ የሚፈጥረው መጎተት መቀነሱም ረድቶታል። ትንፋሽ በሚፈልገው ማራቶን ደግሞ ቆላ የለመዱት ሲዳከሙ፣ የደጋው ልጅ ማሞ ወልዴ ወርቁን ወሰደ። ከፍታ ብቻውን ሯጭ እንደማይወልድ ግን ኔፓልና ቦሊቪያ ምስክር ናቸው። በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታዋ ባሻገር አሠልጣኝ፣ አርአያና ጠንካራ ልምምድ ነው።

አየሩ በመሳሳቱ የሚጠቀም ሌላም አለ፤ እርሱም ኮከብ ተመልካቹ። የከዋክብት ብርሃን ወደ ምድር ሲወርድ የሚርገበገበው በመንገዱ ላይ የሚያገኘው አየር ስለሚያንገላታው ነው። ሲሶውን አየር ከበታቹ የተወ ቴሌስኮፕ ከዚህ ንውጽውጽታ ከፊሉን ይገላገላል። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ጉልላቶች ሥር የቆሙት ሁለቱ መንትያ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው።

እነዚህ ቴሌስኮፖች እዚያ የቆሙት በጥቂት ሰዎች ጽናት ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ብዙዎች የእብዶች ስብስብ አድርገው ነበር ያዩት። ሕዝብ ሳይጠግብ ስለ ኮከብ ማውራት ምን ይሉታል ተባለ። አባላቱ ግን አላቆሙም። ኦብዘርቫቶሪው እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ከቻይና ስትመጥቅ፣ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ የተዘጋጀው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። የሳተላይቷ ተግባርም ከመጥገብና ካለመጥገብ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የእርሻን፣ የደንንና የአየር ንብረትን ሁኔታ መከታተል።

ተራራው እንቅፋትም አለው። በክረምት ደመናው ሰማዩን ይዘጋል፤ ከግርጌው የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት ደግሞ ደብዛዛ ከዋክብትን ይውጣቸዋል። ባለሙያዎቹ ለበለጠ ኦብዘርቫቶሪ ከከተማ መብራት የራቁትን የላሊበላ ተራሮች የተመኙት ለዚህ ነው።

ሳተላይቷ በመጠቀችበት ዓመት ጀበናውና ቴሌስኮፑ በስም ተገናኙ። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የሚገኝ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብደው ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተባለ። ስሞቹ ዛሬ የኅብረቱ ይፋዊ ስሞች ናቸው።

ሳይንስ በየካ በዚህ ያህል ቅርበት እያለ ልጆቹ የሌላ አገር ቁጥር ብቻ ሸምድደው ማለፋቸው ያሳዝናል። መፍትሔው ውድ አይደለም። በመገናኛ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በእንጦጦ ላይ ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቴርሞሜትር፣ በመምህር ጥበቃ ሥር ንጹሕ ውሃ ያፍሉ። ቴርሞሜትሩ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ ይነበብ፤ ከፍታው ከስልክ ላይ ይታይ። ከዚያ ተማሪዎቹ ንባቦቹን በቴሌግራም ተለዋውጠው በአንድ የግራፍ ወረቀት ላይ ያስፍሯቸው። ነጥቦቹ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ወደሚወርድ መስመር መጠጋት አለባቸው። ከመስመሩ ርቆ የወጣ ነጥብ ካለ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ይፈተሽ፣ ቀጥሎም ሙከራው በሌላ ቀን ይደገም።