ለዡልየት የተጻፈውን ማን ይመልስ?

የፍቅር ጥያቄያችሁን በዚህ ገጽ ስመልስ ኖሬያለሁ። መልስ ያጣሁለት አንድ ደብዳቤ ግን ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ከርሟል። «ይወደኝ ነበር ወይ?» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። እሱን ባሰብኩ ቁጥር «የዡልየት ደብዳቤዎች» የሚባለውን ሙዚቃ እከፍታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን አገር፣ ቬሮና ከተማ፣ በልብወለድ ለሞተችው ለዚያችው ዡልየት ከየአገሩ ደብዳቤ ይጎርፋል። አንድ ምሁር በሷ ስም መልስ ይጽፍ እንደነበር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወሬው ስሙ የገነነ እንግሊዛዊ የሮክ ዘፋኝ ዘንድ ደረሰ። ዘፋኙም ከበሮና ጊታሩን ትቶ ከብሪታንያው ብሮድስኪ ኳርቴት ጋር ገጠመ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ፣ በቃ! ቡድኑ በ1972 ሚድልስብሮ ውስጥ ሲመሠረት ልጆች ነበሩ። አምስቱ ተጋግዘው ጻፉት፤ በ1993 ወጣ።

ዘፈኖቹ ደብዳቤዎች ናቸው። ራሷን ልታጠፋ ያለች ነፍስ ኑዛዜ አለ፤ ገንዘብ የሚለምኗትን ዘመዶቿን የምትሰድብ አክስት አለች (እሷስ አሳቀችኝ!)። የኔን ሆድ ያባባው ግን የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወታደር የሆነች ሴት ለዘፋኙ በእውነት የላከችው ደብዳቤ ነው። ከበሮ የለ፣ ድምፁ የሚደበቅበት የለው፤ ቃሉን እንዳለ ትሰሙታላችሁ።

ትናንት ማታ ሳደምጠው መሳቢያውን ከፈትኩ። እህቴ፣ መልስሽ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል።