ጨዋታ የሚያጠብቀው ወንድማማችነት



በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ከሰላምታ በኋላ ግን የጎናችንን ሰው ስም እንኳ ሳንጠይቅ እንበተናለን። ልጆቻችንም ሞባይል ላይ አቀርቅረው ያድጋሉ። ከዚያ ችግር ሲመጣ ብዙ ወንድ የልቡን የሚያካፍለው ሰው ያጣል። ተቀምጦ ለመናገር የሚቸገር ወንድ አብሮ ሲሮጥ፣ ሲታገልና ሲስቅ አንደበቱ ይፈታል።

ይህ ለዲናችን እንግዳ ነገር ነውን? በፍጹም! ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በኢድ ቀን ሐበሾች በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጋሻና በጦር ይጫወቱ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ሊከለክሏቸው ሲሉ ነቢዩ እንዲተዋቸው አዘዙ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) እስኪበቃቸው ድረስ ተመለከቱ።

ሌላም የቡኻሪ ዘገባ አለ። የአስለም ጎሳ ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ ነቢዩ ደረሱና አበረታቷቸው፤ ከአንደኛው ወገን ጋር መሆናቸውንም ገለጹ። ያኔ ሌላው ወገን ቀስቱን ሰበሰበ፤ ነቢዩ ካሉበት ወገን ጋር እንዴት ይወዳደር? ነቢዩም ከሁሉም ጋር መሆናቸውን ነግረው ጨዋታውን አስቀጠሉ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፦ ውድድሩ ይኑር፤ ልቡ ተሰብሮ ዳር የሚቀር ግን አይኑር።

ትግልን ወይም ካራቴን እንመልከት። ክንዱን የያዝንበት ወንድም መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው እንለቀዋለን። አካሉን በአማና ሰጥቶናልና። ዛሬ ክንዱን ያመነን ሰው ነገ ምስጢሩን ያምነናል። ጉልበቱን መቆጣጠር የለመደ ወጣትም በቤቱና በሰፈሩ ቁጣውን መቆጣጠር ይቀለዋል።

ድንበሩን ግን እንጠብቅ። ነቢያችን ፊትን ከመምታት ከልክለዋል፤ ሙስሊምን ለቀልድ እንኳ ማስደንገጥ እንደማይፈቀድ አስተምረዋል። ዐውራ ይሸፈን፣ ቁማር አይግባበት፣ ሶላት አይለፍ። የተሸነፈውም አይሰደብ።

እናም አባቶች ሆይ! በሳምንት አንድ ቀን ከፈጅር በኋላ ልጆቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ይዛችሁ ሜዳ ውጡ። ከመስጂድ ብቻውን ገብቶ ብቻውን የሚወጣውን ያን ወንድምም ጥሩት። ምናልባት የሚጠራው ሰው ሲጠብቅ ቆይቶ ይሆናል።

አላህ ልቦቻችንን ያስተሳስር። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።