የወር አበባ የጤንነት ምልክት ነው

ስለዚህ ጉዳይ በዚህ መጽሔት ላይ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። ከመካከላችን «ይህ እናቶች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ነገር ነው» ያሉ አልታጡም። ነገር ግን በአንድ የእርከን ሥራ ላይ የፈጸምነው ስሕተት ዝም እንዳንል አስገድዶናል።

በዚያ ሥራ ላይ ድንጋይ ከሚሸከሙት ሴቶች መካከል አንዲት የአራት ልጆች እናት ነበረች። በየጊዜው ከሥራ ትቀራለች፤ በመጣችበትም ቀን ጥቂት ተሸክማ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅናት፤ በሦስተኛው ስሟን ከመዝገብ ሰረዝን። ስሟ ሲሰረዝ የልጆቿ እህልም ቀረ። በኋላ ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት እኅት ቤቷ ድረስ ሄዳ ብትጠይቃት፣ በየወሩ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ደም እንደሚፈስሳት፣ ይህም ከጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረቻት። ሐኪም ሲመረምራት ማህፀኗ ውስጥ ማዮማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ተገኘ፤ ደሟም እጅግ አንሶ ነበር። እኛ ስንፍና ያልነው የደም ማነስ ኖሯል።

እንግዲህ የወር አበባ ምንድን ነው? ነገሩ የሚጀምረው ከማህፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። አንጎል በሥሩ ባለችው ትንሽ ዕጢ አማካይነት ሆርሞን የሚባሉትን መልእክተኞች በደም በኩል ወደ እንቁላል ማፍሪያዎቹ ይልካል። እነዚህም እንቁላል ያበስላሉ፤ በተራቸውም ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች አመንጭተው የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ለፅንስ ያዘጋጃሉ። ፅንስ ካልተገኘ የሆርሞኖቹ መጠን ይቀንሳል፤ የተዘጋጀውም ሽፋን ከደም ጋር ይወጣል። ይህ ሁሉ በሥርዓቱ እንዲካሄድ የአንጎልና የዕጢዎች ጤንነት፣ በቂ ምግብና ዕረፍት ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ወሩ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህም የአሜሪካ የጽንስና የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2015 ባደሰው ምክር፣ የልጃገረዶች የወር አበባ እንደ ልብ ትርታና እንደ ደም ግፊት ሁሉ ዋና የጤና ምልክት ሆኖ እንዲታይ አሳስቧል።

ረሃብ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት በጦርነቱ ምክንያት በኔዘርላንድ ከተሞች እህል ሲጠፋ፣ ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ቆሞ ነበር። ከወራት በኋላም የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ምግብ ሲመለስ ወሩም ተመለሰ። ሰውነት ራሱን መመገብ ሲያቅተው ፅንስ የመሸከሙን ሥራ ያቆያል። ስለዚህ በእርዳታ ጣቢያ ያለች እናት «ወሬ ቀረ» ብትል እርጉዝ ናት ብቻ ብለን አንለፋት። ጡት ማጥባት፣ የምግብ እጥረት፣ ከባድ ሥራ፣ ሐዘን፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ከእንቅርት ጋር የተያያዘ የዕጢ ሕመምም ሊሆን ይችላል። የሦስት ወር መርፌ የምትወስድ ሴት ወሯ ቢቀር ግን ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የተነሣ ነው። ደሙ በሆድ ውስጥ ይጠራቀማል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም።

የሰው ሁሉ ወር አንድ ዓይነት አይደለም። ለአዋቂ ሴት ከአንዱ ወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ከ24 እስከ 38 ቀን ቢሆን ጤናማ ነው። ልጃገረዶች በጀመሩባቸው ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በ28 ቀን የምታይ ሴት በየወሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ይመጣባታል። መስከረም 12 ያየች ጥቅምት 10፣ ከዚያም ኅዳር 8 ታያለች። ይህን ባለማወቅ «ወሬ ተዛባ» ብለው የሚጨነቁ አሉ። የመጀመሪያውን ቀን በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ደሙ ከ8 ቀን በላይ ሲቆይ፤ ጨርቅ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ እስኪለወጥ ሲበዛ፤ ትልልቅ የረጋ ደም ሲወጣ፤ እርጉዝ ያልሆነችና የማታጠባ ሴት ሦስት ወር ሳታይ ስትቀር፤ ልጃገረድ 15 ዓመት ሞልቷት ሳትጀምር ስትቀር፤ ሕመሙ ከሥራ ወይም ከትምህርት ሲያስቀር ነው። በሁለት ወር መካከል ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ እንዲሁም ወሯ ከተቋረጠ ዓመት ያለፋት እናት የምታየው ደም፣ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ። እርጉዝ ሴት ደም ብታይ በዚያው ቀን ትሂድ።

በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 24 ከመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የሚበዛ የወር ደም አንዱ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋና ጉበት ይረዳሉ። ቡናና ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ በሕክምና ጨርሳ፣ በሕዝብ መካከል ተደብቃ እንደመጣች እናነባለን። ጌታ እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ቆሞ ሰማት፤ አላሳፈራትምም። እኛ ግን የራሳችንን ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ሰደድናት።

ያቺ እናት ታክማ ስሟ ወደ መዝገብ ተመልሷል፤ ያለፋትንም እህል ሰጥተን ይቅርታ ጠይቀናታል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ከሥራ ስትቀር፣ ስሟ ከመሰረዙ በፊት አንዲት እኅት ለብቻዋ ወስዳ ስለ ጤንነቷ ትጠይቃታለች። በየፕሮጀክቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንዲሁ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። በየአጥቢያው ያላችሁ እናቶችም ሴት ልጆቻችሁ የመጀመሪያውን ደም በድንጋጤ ከማየታቸው በፊት አስረዷቸው።