ሰኔ ሳያልቅ ደረሰኞቻችንን እንሰብስብ



ሰኔ ሲጋመስ በሐረር የመነጋገሪያው ርእስ ይለወጣል። በፈረስ መጋላም ሆነ በጊዲር መጋላ፣ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር፣ ባለ ሱቁ ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ «ዘንድሮስ ስንት ይጥሉብን ይሆን?» ይባባላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ የግብር መክፈያው ወራት ይከፈታል። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ልንወያይ አስበናል። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ግብር መክፈል እንዳለብን እናውቃለን እንጂ ሕጉ ራሱ የሚያስቀንስልንንና አስቀድመን የከፈልነውን እንዴት እንደምናሳስብ አናውቅም።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምንረዳቸው ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ማሰፋት አስፈልጎን ነበር። በመኪና ግርግር መንገድ ላይ የሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ 120 ልብስ እያንዳንዱን በ450 ብር ሠርተው አስረከቡን። ጠቅላላው 54,000 ብር ሆነ። ገንዘብ ያዣችን ሕጉ በዚያን ጊዜ እንደሚያዘው 2 በመቶ፣ ማለትም 1,080 ብር ቀንሶ ቀሪውን 52,920 ብር ከፈላቸው። የተቀነሰውም ገንዘብ በወቅቱ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ገባ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ትክክል ነበር። ነገር ግን ለሰውየው መሰጠት የነበረበት የተቀናሽ ደረሰኝ ከእኛ ፋይል ውስጥ ቀረ።

ሐምሌ ሲደርስ እኚህ አባት ግብራቸውን ሙሉ በሙሉ ከፈሉ፤ 1,080 ብሩን ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ከዚያም የባሰው ነገር «የእግዜር ቤት ሰዎች ገንዘቤን ቆርጠው አስቀሩብኝ» ብለው ለጎረቤት መናገራቸው ነው። እንዲህ ማለታቸው አያስፈርድባቸውም፤ የተቀነሰው ወዴት እንደ ሄደ የነገራቸው ሰው አልነበረምና። ነገሩን የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ደረሰኙን ፈልገን አወጣን፤ ከእሳቸው ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደን አስረዳን፤ ገንዘቡም በሚቀጥለው ክፍያቸው እንዲታሰብላቸው ተደረገ። ይሁን እንጂ በዚያ ምልልስ ሱቃቸውን የዘጉበትን ቀን የሚመልስላቸው የለም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት በጊዜው ለባለቤቷ ብትደርስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ተምረን ነገሩን በየተራ እንመልከት።

ግብር ከፋዩ በየትኛው ደረጃ ነው?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደግሞ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ግን ደረጃዎቹ ሁለት ብቻ ሆነዋል። መለያውም 2,000,000 ብር ነው። ከዚህ በላይ የሚያስገቡትና ድርጅቶች በደረጃ «ሀ» ሆነው የሒሳብ መዝገብ ይይዛሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃ «ለ» ሆነው ግብራቸው ከዓመታዊ ሽያጫቸው ላይ ይሰላል። በጀጎል ያለው አብዛኛው ባለ ሱቅ፣ ልብስ ሰፊና ቅመም ሻጭ በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ይገኛል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችን፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችንና የግል ቤት አከራዮችን ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። ክልሎችም የየራሳቸውን አዋጅ በፌዴራሉ አምሳል ያወጣሉ። ስለሆነም የሐረር ነዋሪ የሚከፍለው ለክልሉ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። የዘንድሮውንም የመክፈያ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማንበብ እንጂ ከሰው አፍ መስማት አይበቃም።

ግምትና መዝገብ

አነስተኛ ነጋዴ መዝገብ ካልያዘ ግብሩ በግምት ይጣልበታል። በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ዓመት የነጋዴዎች የቀን ገቢ እንደ አዲስ ተገምቶ ሐምሌ ላይ ሲነገር፣ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ነጋዴዎች በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ገማቹ ሱቁ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያየውም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃና ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው ነው። ገበያው የሞቀው በዓል ስለነበረ ይሁን ወይም ዕቃው በዱቤ የመጣ ይሁን ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሊያስረዳለት የሚችለው ባለቤቱ የጻፈው መዝገብ ብቻ ነው።

ለዚህም ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል። በግራው ገጽ የዕለቱን ሽያጭ፣ በቀኙ ገጽ የዕለቱን ወጪ፣ ከቀኑ ጋር መጻፍ ነው። የገዙበትን ደረሰኝ በወር በወሩ አስሮ በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ነው። መጻፍ የማይችሉ እናቶች የተማረ ልጃቸው ማታ ማታ እንዲጽፍላቸው ያድርጉ። ሰነዱንም ዓመቱ ሲያልቅ መጣል አይገባም፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ማቆየት ይበጃል።

የሚቀነስልን ምንድን ነው?

አንደኛ፣ አስቀድሞ የተቀነሰ ግብር። ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዙ፣ ዋጋው በሕግ ከተወሰነው መጠን ካለፈ፣ ከክፍያው ላይ ቀንሰው ለመንግሥት ያስገባሉ። ይህ 2 በመቶ የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። በ54,000 ብር ሥራ ላይ ባለ መለያ ቁጥሩ 1,620 ብር ሲቀነስበት፣ መለያ ቁጥር የሌለው 16,200 ብር ይቀነስበታል ማለት ነው። መለያ ቁጥር ለማውጣት አንድ ቀን መሰለፍ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቡ። የተቀነሰው ገንዘብ ጠፍቶ የሚቀር አይደለም፤ በስማችሁ የተቀመጠ ቅድመ ክፍያ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ደረሰኙን ስታቀርቡ ከግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል፤ ካላቀረባችሁ ግን የልብስ ሰፊው ነገር ይደርስባችኋል።

ሁለተኛ፣ የቤት ኪራይ። በጀጎል ውስጥ ከግቢያቸው አንዱን ክፍል የሚያከራዩ ብዙ ናቸው። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ግብር የሚከፍለው በጠቅላላው ኪራይ ላይ አይደለም። ለጥገናና ለቤቱ እርጅና ተብሎ በሕግ የተወሰነው መቶኛ ይቀነስለታል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው ኖራ መቀባትና መጠገን እንደሚፈልግ የጀጎል ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ግብሩ ሲሰላ ይህ ቅናሽ መግባቱን በወረቀቱ ላይ ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ስጦታ። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ እንደ ወጪ ሊያስይዝ እንደሚችል አዋጅ ቁጥር 979 ደንግጓል። ለዚህ ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። እጅ በእጅ ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ስጦታ በሒሳብ አይቆጠርም። ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ደረሰኝ ስትጠይቁን ያላመናችሁን አይመስለን፤ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

አራተኛ፣ ኪሳራ። መዝገብ የያዘ ነጋዴ በአንድ ዓመት ቢከስር ኪሳራውን ወደ ሚቀጥሉት ዓመታት አሸጋግሮ ከትርፉ ላይ ሊያሳስብ ይችላል። መዝገብ የሌለው ግን የከሰረበትም ዓመት እንዳተረፈበት ይቆጠራል።

ለደመወዝተኞችና ለቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶች

ደመወዝተኛ ሐምሌ ላይ አይሰለፍም፤ ግብሩን በየወሩ ቀንሶ በ30 ቀን ውስጥ የሚያስገባው አሠሪው ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በእኛ በጽሕፈት ቤቶች ላይ ነው። ጥበቃውም ሆነ ጽዳት ሠራተኛዋ ስሌቱን ላያውቁት ስለሚችሉ ሒሳብ ሹሙ ቢሳሳት የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሠንጠረዡ ተለውጧል። ቀድሞ ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ሲሆን አሁን 2,000 ብር ነው። ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይከፈላል።

ምሳሌ እንውሰድ። የወር ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ ጥበቃ በቀድሞው ሠንጠረዥ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። አሁን የሚከፍለው ከ2,000 በላይ ባለው በ1,000 ብር ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር ነው። ደመወዟ 9,000 ብር የሆነ መምህርት ደግሞ ቀድሞ 1,745 ብር ትከፍል ነበር። አሁን በሁለተኛው እርከን 300፣ በሦስተኛው 600፣ በአራተኛው 500፣ በጠቅላላው 1,400 ብር ትከፍላለች። በወር 345 ብር፣ በዓመት 4,140 ብር ይተርፋታል። የአንዳንድ ጽሕፈት ቤት የደመወዝ መክፈያ በአሮጌው ሠንጠረዥ ቀጥሎ እንደሆነ ዛሬውኑ ይታረም። ሠራተኞችም ስሌቱን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ግምቱ ቢበዛብንስ?

ሱቅ ዘግቶ መቀመጥ ወይም መሸሽ መፍትሔ አይሆንም። በጊዜው ያላስታወቀ ሰው ባልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ ድረስ ቅጣት እንደሚጨመርበት የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይናገራል። ይኸው አዋጅ ቅሬታ ላለው ሰው መንገድ ከፍቷል። ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ይችላል። በዚያ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከተከራከረበት ግብር ግማሹን አስይዞ፣ ለታክስ ይግባኝ ሰሚው ያቀርባል። ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱን ከተቀበላችሁበት ጀምሮ ስለሆነ የተቀበላችሁበትን ቀን በላዩ ላይ ጻፉበት። በቃል የተነገረ ቅሬታ ማስረጃ አይሆንም።

በውጭ አገር ላላችሁ ደጋፊዎቻችን

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች የገቢ መግለጫችሁን የምታቀርቡት እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ለልጅ የሚታሰበው የግብር ቅናሽ 2,000 ዶላር የነበረው ለ2025 የግብር ዓመት ለአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ሆኗል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኞችም ሌላ ቅናሽ አለ። ካልጠየቃችሁት ግን ማንም አምጥቶ አይሰጣችሁም። ደግሞም በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ድርጅት የላካችሁት ስጦታ በዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ አይቀነስላችሁም፤ በአገሩ ሕግ በታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል የላካችሁት ይቀነስላችኋል።

በመጨረሻ

በድሮ ዘመን ነጋዴው ግመሉን እየጎተተ ወደ ጀጎል ሲገባ ቀረጡን በር ላይ ይከፍል ነበር። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ሒሳቡ ግን በወረቀት ሆኗል። በእኛ በኩል ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥተናል። ከማንኛውም ሰው ክፍያ ላይ ግብር ስንቀንስ፣ ሰውየው ደረሰኙን ተቀብሎ ሳይፈርም ፋይሉ አይዘጋም። እናንተም በየፕሮጀክታችሁ እንዲሁ አድርጉ።

ልብስ ሰፊው አባት ዛሬም የልጆቻችንን ልብስ ይሰፉልናል። ባለፈው ጊዜ ሥራቸውን ሲያስረክቡ ገንዘቡን ከመቁጠራቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው «ወረቀቴስ?» አሉን። እኛም ሰጠናቸው።