የጂ መለከትና የቢ ፍላት መለከት

ድራም ኮር የሚባለው የአሜሪካኖች የሰልፍ ሙዚቃ ቡድን ሜዳ የሚወጣው ከበሮና ከነሐስ የተሠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ይዞ ነው። ክላሪኔት የለበትም፣ ሳክስፎንም የለበትም። ያስፋፉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በማኅበሮቻቸው ሥር ነው። ዛሬ የታወቀውን የወጣቶች ውድድር የሚያዘጋጀው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል ደግሞ በ1971 ተመሠረተ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ። ስለ ቡድኑ ይህን ያህል ካወቅን ይበቃል፤ የእኔ ጉዳይ ቧንቧው ነው።

ትራምፔትም ሆነ ቱባ፣ ማንኛውም የነሐስ መለከት የተጠቀለለ ቧንቧ ነው። ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉትን መነሻ ድምፅ የሚወስነው የቧንቧው ርዝመት ነው። በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው የቢ ፍላት ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ 1.48 ሜትር ገደማ ይሆናል። ድራም ኮሮች እስከ 1999 ድረስ የነፉት የጂ ሶፕራኖ ቡግል ግን 1.76 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ከስንዝር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የአድናቂዎቹ ጭቅጭቅ ግን ሃያ ዓመት አልፎትም አላለቀም።

መጀመሪያ ላይ ቡግል ቫልቭ አልነበረውም። ወታደር ለማንቂያና ለምግብ ሰዓት የሚነፋው ዓይነት ነው፤ የሚሰጠው የቧንቧውን የተፈጥሮ ድምፆች ብቻ ነው፦ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። በእነዚህ ማንቂያ ይነፋል እንጂ ዜማ መጫወት ይከብዳል። ስለዚህ ቀስ በቀስ አንድ ፒስተን በአግድም ተገጠመለት፤ በአውራ ጣት ይገፋል። ቆየት ብሎ የሚሽከረከር ቫልቭ ተጨመረ። ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ቫልቮች በ1977፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1990 ተፈቀዱ። ማንኛውም ትራምፔት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጨረሰውን መንገድ እነዚህ ሰዎች በሃያኛው መጨረሻ ላይ፣ በስብሰባና በድምፅ ብልጫ፣ አንድ አንድ ቫልቭ እያሉ ሄዱት። ግትርነታቸው ያስቀኛል፤ ግን እወድላቸዋለሁ።

እነዚያ ሁለት ቫልቭ ብቻ የነበሩባቸው ዓመታት ናቸው እኔን የሚማርኩኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ያገለገሉ መሣሪያዎች መደብር አንድ አሮጌ የጂ ሶፕራኖ አግኝቼ ለማየት ስጠይቅ ሻጩ ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቶ ሰጠኝ። ከበድ ይላል። ያዝኩት፤ የቀለበት ጣቴ ሦስተኛውን ቫልቭ ፈለገ፣ አየር ነካ። እንግዲህ እንቁጠር። በመካከለኛው የድምፅ ክልል ቧንቧው ሶልንና ከላዩ ያለውን ዶ በራሱ ይሰጣል። በሁለቱ መካከል አራት ድምፆች አሉ፦ ሲ፣ ሲ ፍላት፣ ላ እና ላ ፍላት። ሁለተኛው ቫልቭ ዶን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲ ተገኘ። የመጀመሪያው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲ ፍላት ተገኘ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲጫኑ ላ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የሚጫኑት የለም። ላ ፍላት ጠፋ።

ያን ድምፅ ከሌላ መሣሪያ እንዋስ ቢባልስ? ሜሎፎን የሚባለው ሌላው የኮሩ መለከትም በዚያው በጂ ስለተቃኘ እዚያው ቦታ ላይ ያው ጉድለት አለበት። ስለዚህ አቀናባሪው ዜማውን ወደ ሌላ ኪይ ያዞራል፣ ወይ ድምፁን ይዘለዋል፣ ወይ ነፊው በከንፈሩ እንዲያጣምመው ይተወዋል። የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን የድራም ኮር ቅጂዎች የሚሰሙ ሰዎች ያንን ሁሉ ሙዚቃ ድምፅ በጎደለው መሣሪያ እንደሠሩት ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ጥበብ ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ የተሳሳተ ወሬ ልምጣ። ጂ ይጮኻል፣ ቢ ፍላት ግን ለስላሳ ነው ይባላል። በወጣትነታቸው ኮር ውስጥ የነፉ አንድ አዛውንት ይህን በቁጣ ጭምር አስረድተውኛል፤ በ2000 ማንኛውም ኪይ ከተፈቀደ ወዲህ ሜዳው ጉልበት አጣ ባይ ናቸው። አክብሬ ሰማኋቸው፣ አልተስማማሁም። ኪይ ለድምፅ ጉልበት አይሰጥም። ጉልበት የሚሰጡት የቧንቧው ውስጥ ስፋት፣ የጫፉ ቤል፣ የነፊው ትንፋሽና የነፊዎቹ ብዛት ናቸው። የጂ ቡግሎች ብዙዎቹ ሰፊ ቧንቧና ትልቅ ቤል ስለነበራቸው ይጎላሉ። ያንኑ ስፋትና ቤል ለቢ ፍላት ብትሰጡት እሱም ይጎላል።

ታዲያ አዛውንቱ የሰሙት ምንድን ነው? የሰሙትስ እውነት ነው። ግን በአንድ ዘመን የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ኪዩ ከተለወጠ በኋላ፣ በ2004፣ ለሜዳው ዳር መሣሪያዎች ማይክሮፎን ተፈቀደ፤ በ2009 ደግሞ ሲንተሳይዘር ገባ። አጻጻፉም ተለወጠ፤ ቀድሞ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ዞሮ ረጅም ኮርድ ይዞ ይቆም የነበረው፣ አሁን እየሮጠ ፈጣን ዜማ ይነፋል። እየሮጠ የሚነፋ ሰው ቆሞ እንደሚነፋው አይጮኽም። ይህን ሁሉ ትቶ ጥፋቱን በአንድ ስንዝር ቧንቧ ላይ መጫን ግፍ ነው።

እውነተኛው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቧንቧ በረዘመ ቁጥር በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ የሚገኙት የተፈጥሮ ድምፆች ይቀራረባሉ። ስለዚህ የጂ ነፊ ከፍ ሲል ከንፈሩ ትንሽ ከሳተ ጎረቤቱ ድምፅ ላይ ይወድቃል። ቢ ፍላት በዚህ ይምራል። በሌላ በኩል ጂ አንድ ቤተሰብ ነበር፤ ከሶፕራኖ እስከ ትከሻ ላይ እስከሚሸከሙት ኮንትራባስ ድረስ ሁሉም በጂ። የሶፕራኖን የጣት አያያዝ ያወቀ ልጅ ባሪቶን ቢሰጡት የሚለምደው ማውዝፒሱንና ትንፋሹን ብቻ ነው። ሲቃኙም የተፈጥሮ ድምፆቻቸው እርስ በርስ ይገጥማሉ። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፤ የቢ ፍላት ቱባ ቧንቧ 5.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የጂው ኮንትራባስ ከ6 ሜትር ያልፋል።

ታዲያ ለምን ተተወ? ዋናው ገንዘብ ነው። የጂ መሣሪያ ከድራም ኮር ውጭ ገዢ የለውም። የቢ ፍላት ትራምፔት ግን ኮሩ ሁለት ሦስት ዓመት ነፍቶበት ለትምህርት ቤት ይሸጠዋል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ባንድ የሚመጡት ያንኑ ለምደው ነው።

ከዛሬዎቹ ውስጥ ከቢ ፍላቱ ቤተሰብ የወጣው ሜሎፎን ነው፤ እሱ በኤፍ ተቃኝቷል። ይህ መሣሪያ ብዙ ስም ማጥፋት ደርሶበታል፤ ከቅኝት ይወጣል፣ ርካሽ ሆርን ነው ይባላል። ቧንቧው የፍሬንች ሆርን ግማሽ ነው፣ ቤሉም ወደ ፊት ያያል፤ ለሜዳ የተሠራው እንዲህ ሆኖ ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃሚው ነው። ጠባቡን የፍሬንች ሆርን ማውዝፒስ በማገናኛ ገጥመው ይነፉትና ቅኝቱ ተበላሸ ይላሉ። የራሱን ማውዝፒስ ስጡት! ደግሞ የነሐስ መሣሪያ የያዛችሁ ሁሉ፣ ማውዝፒስ ሲነክስ በፒንሳ አትጎትቱ። ቧንቧው ይጣመማል። ለዚሁ የተሠራ ማውጫ አለ፣ ዋጋውም ውድ አይደለም።

የእኛ አገር ጆሮ ለነሐስ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባዎች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የነፉት ነሐስ ነው። የእኛ የማርሽ ባንዶች የተቀረጹት ግን ክላሪኔት ባለበት በአውሮፓ የጦር ባንድ ልክ ነው፤ የጂ ቡግል ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ ግን ዕድለኞች ናችሁ። የአሜሪካ ማሪን ሠራዊት የከበሮና የቡግል ቡድን የጂ መለከትን አልጣለም። በሰመር ወራት ዓርብ ማታ፣ በስምንተኛውና በአይ ጎዳና መገናኛ ባለው የማሪን ሠፈር በሚደረገው ሰልፍ ላይ ይወጣል። ቀይ ኮት ለብሶ እዚያው የሚጫወተው ሌላው ቡድን በ1798 የተመሠረተው የማሪን ባንድ ነው፤ ትራምፔቶቹ እንደማንኛውም ባንድ ናቸው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ቦታ ግን አስቀድማችሁ አስይዙ። ሁለቱንም በአንድ ማታ ስሙና የትኛው እንደሚበልጥ ለራሳችሁ ፍረዱ።