ወላጅ የማያነበው የልጅ መጽሐፍ

ልጆች በየትኛው ቋንቋና በየትኛው መጽሐፍ ይማሩ የሚለው ጥያቄ በወላይታ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዞኑ ዋና ከተማ ከሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ በምትገኘው ቤሌ፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ፣ ወላጆች ሲሰበሰቡ የሚሰማው ክርክር ሶዶ ከሚሰማው አይለይም። አንዱ ወገን ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጀምር ይላል። ሌላው በእንግሊዝኛ ካልጀመረ ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ከፍሎ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። ማታ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ማስጠናት የሚፈልገው ወላጅ ግን ከሁለቱም የሚረባው መልስ አያገኝም። የእሱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ዛሬ ማታ የቱን መጽሐፍ ልክፈት?

ጥናት የመለሰው ክፍል አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። በቀድሞው ደቡብ ክልል አሠራሩ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከ5ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ1999 ዓ.ም. ያስጠናው ጥናት ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። የሚያከራክረው ይህ ሁሉ ታውቆ፣ በወላይትኛ የጀመረው ልጅም ማንበብ ለምን ይከብደዋል የሚለው ነው። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜያቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት ልጆች 90 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ይገምታል።

የመምህራን ሥልጠና፣ የክፍል መጨናነቅ፣ የመጽሐፍ እጥረት፤ ሁሉም ምክንያት ናቸው፤ ሁሉም በየስብሰባው ይነሳሉ። እምብዛም የማይነሳው የፊደሉ ጉዳይ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቋንቋው ወደ ላቲን ፊደል ተሻገረ። ስለዚህ በዘመቻው ፊደል የቆጠረ አያት፣ በአማርኛ ተምሮ ያደገ አባት፣ የልጁን የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲከፍት የሚያገኘው የራሱን ቋንቋ በማያውቀው ልብስ ነው።

አንድ ገጽ እንይ። በወላይትኛ «ሁለት» የሚለው ቃል ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁለት የ7 ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉሮሮ ላይ ድምፅ ቆም የሚልበትን ቦታ ለማመልከት የተመረጠው ምልክት 7 ቁጥር ስለሆነ ነው። «ማየት» በሚለው ቃል ውስጥም ያው 7 አለ። ልጁ የሒሳብ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ፣ ሥርዓቱን ያልተማረ አባት ገጹን አይቶ የማተሚያ ቤት ስህተት ቢመስለው አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ኤክስ የተባለው ፊደል በወላይትኛ «ጥ» ሲሆን ሲ ደግሞ «ጭ» ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ እነዚህኑ ፊደሎች በሌላ ድምፅ ያስነብባል። ትንሽ ቆይቶ አማርኛ ከነሀሁው ይመጣል። ገና ትንሽ ልጅ በአንድ ደብተር ቦርሳ ሦስት የማንበቢያ ሥርዓት ይሸከማል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሦስቱን አጋጥሞ የሚያሳየው ሰው የለም።

«የዛሬ ወጣት ወላጆች በላቲኑ ነው የተማሩት» የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፣ ግን በከፊል። እነሱም ከ4ኛ ክፍል በኋላ ቋንቋውን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ካልሆነ በቀር አላገኙትም፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውም በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ያልተጠቀሙበት ንባብ ይዝጋል።

የፊደሉ ጉዳይ ለምን አይነሳም? እኔ እንደምገምተው ከ1992ቱ ቁስል የተነሳ ነው። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች ሲታደል ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቋንቋው አጻጻፍ ጥያቄ ማንሳት ማንነትን እንደ መንካት ይቆጠራል። ግን ያ ታሪክ ሌላም ትምህርት ነበረው። ወላጁ ያንን መጽሐፍ የመዘነው የገዛ ቋንቋውን ስለሚያውቅ ነው። የልጁ ትምህርት ጉዳዬ ነው ብሎ የተነሳ ሕዝብ ዛሬ ማታ ማታ ከልጁ መጽሐፍ ፊት ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ግድ ስላጣ አይመስለኝም።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ወላጅ ማስጠናት የሚችለውን ይገዛል። ሶዶ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሀሁ ገበታና የእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የወላይትኛው መጽሐፍ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ልጁ ቀስ በቀስ የሚረዳው ነገር ቢኖር ወላይትኛ የትምህርት ቤት ግዴታ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ደግሞ የቤት ኩራት መሆናቸውን ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉና ቤቱ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሆን ሲታዘዝ፣ ይህ ክፍተት በግልጽ መታየት ነበረበት። የራዲዮ ትምህርት ሲነሳ ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ራዲዮ ብዛት ሆነ፤ ልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ምን ማንበብ እንደሚችል የጠየቀ ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ አቅርቦቱ ራሱ እየሳሳ ነው። በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በዩኤስኤድ ድጋፍ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰባት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወላይትኛ አንዱ ነበር። ድርጅቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ የመጽሐፍ እጥረት የየክልሉ አቤቱታ ነው፤ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን የሚያየው በቴሌግራም በተላከ ፒዲኤፍ፣ በወላጁ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ የወላጁ ከሆነ ከመጽሐፉ ጋር የሚገናኘውም ወላጁ ነው፤ ስለዚህ የማንበብ ጉዳይ ተመልሶ እሱ ላይ ይወድቃል።

ወደ ግዕዝ ፊደል እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሠላሳ ዓመት የተጻፈበትን ሥርዓት ማፍረስ ያለውንም ማጣት ነው። የሚያስፈልገው ድልድይ ነው፣ ለዚያውም ርካሽ። በ1ኛ ክፍል መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል ከግዕዙ አቻ ጋር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ቢታተም፣ ሀሁ የሚያውቅ አባት ከልጁ ጋር መንደርደር ይጀምራል። 7 ቁጥር ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ቢጻፍለት ግማሹ ግራ መጋባት ያልቃል። የወላይትኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ መጽሐፉ ቤቱ ውስጥ ያለ ወላጅ የሚያውቀውን ምዕራፍ ከልጁ ጋር ቢያነብ፣ ይዘቱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ፊደሉን ለመልመድ ይቀለዋል። ሒሳቡንም ከመጽሐፉ ምሳሌ አውጥቶ ወደ ቤሌ ገበያ፣ ወደ ጓሮው እንሰትና ወደ ቡናው ስፍር ማምጣት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ማንበብ ፈጽሞ የማትችል እናትስ? ከሁሉም በላይ የወላይትኛው መጽሐፍ የሚጠቅመው ለእሷ ነው ባይ ነኝ። ልጇ ጮክ ብሎ ሲያነብ ትሰማለች። ቃሉ ቢሰበር፣ አናባቢው ቢያጥር፣ ጆሮዋ ወዲያው ያውቃል፤ ቋንቋው የእሷ ነውና «እንደዚያ አይባልም፣ ድገመው» ትለዋለች። ልጇ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነብ ግን ልክም ይሁን ስህተት መለየት አትችልም። «በእንግሊዝኛ ይጀምር» የሚለው ምርጫ እናትን ከአስጠኚነት እንደሚያስወጣት ሲነገር አልሰማሁም።

ወላይታ ዛሬ የሚገኝበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ትምህርት ቢሮ ያንን የሰንጠረዥ ገጽ ለማሳተም ትልቅ በጀት አይጠብቅም። የሚያጠራጥረኝ ገንዘቡ ሳይሆን ፈቃዱ ነው፤ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ማተም የፖለቲካ መልእክት ይመስላል ብሎ የሚፈራ አይጠፋም። እስከዚያው ቤሌ ያለ ወላጅ ሰንጠረዡን ከ1ኛ ክፍል መምህሩ ጋር ተቀምጦ በአንድ ወረቀት ሊያዘጋጀው ይችላል። የትኛው መጽሐፍ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ቤት ያለ ሰው የልጁን ስህተት ሊያርምበት የሚችለው።